ሣጥን ውስጥ የከረመው ኑዛዜ

ጥያቄ፦ «የ84 ዓመት አባቴ ሐይቅ አካባቢ ይኖራል። የዘር ሐረጋችንን ከየሽማግሌው እየጠየቀ በ7 ደብተር ጽፏል። 31 ካሴት፣ የቆዩ ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና አንድ የብራና መጽሐፍም አለ። ልጄ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት ‹ይህ ሁሉ ላንቺ ነው፣ ለልጅ ልጆቼ አቆዪልኝ› ብሎ በእጁ ሁለት ገጽ ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛን ጨርሳ የአያቷን ደብተር ማንበብ ጀምራለች። የአንድ እናት ልጆች አራት ነን። ወንድሞቼ ኋላ እንዳይነጥቁኝ ምን ላድርግ? ብራናውንስ አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ በአደራ ብልክላት?» (ወ/ሮ ሀ.፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ እርስዎ የሚፈሩት ወንድሞችዎን ነው። እኔን ያስደነገጠኝ የልጅዎ ክፍል ነው። አንደኛ የገባች ልጅ ስምንተኛን ከጨረሰች፣ ክፍል ካልዘለለች በቀር፣ ሰባት ዓመት አልፏል። ወረቀቱ የተጻፈበትን ቀን ሳይነግሩኝ የቀሩት ለዚህ ይሆን?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 903 አጭር ነው፤ ተናዛዡ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ውድቅ ይሆናል። ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ቁልፉ በአንገትዎ ቢንጠለጠል ሕጉ አይቆጥረውም። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኑዛዜ መደበቅ ያለበት ነገር ይመስለውና አባት እስኪሞት ይጠብቃል፤ ከሰልስት በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት የሚወጣው ዋጋ የሌለው ወረቀት ነው። አሁን ወስደው ቢያስቀምጡትም ያለፈው ጊዜ አይመለስም።

ጊዜው ባያልፍ እንኳ ወረቀቱን ገልብጠው ይዩት። በቁጥር 884 መሠረት እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። የእርስዎ ሁለት ገጽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑና ፊርማው የሚገኘው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም በኅዳጉ ላይ በሌላ ቀለም «ብራናውም ለእሷ» የሚል ይጨመራል። ያ ጭማሪ የማን እጅ ነው ተብሎ ስንት ዓመት ይከራከሩበታል! «ላንቺ ነው» የሚለው ቃል ብቻውንስ ኑዛዜ ነው ወይስ የፍቅር ደብዳቤ?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልከልክልዎ። አባትዎን «ያንኑ የድሮውን ቀን ጽፈው ይገልብጡት» እንዳይሉ። ቀን ማዛባት ኑዛዜውን ከማዳን ይልቅ ሁለታችሁንም ወንጀል ውስጥ ይከታል።

እግዜር ይመስገን፣ አባትዎ በሕይወት አሉ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ያድርጉ (ቁጥር 881)፤ ራሳቸው ቢጽፉትም፣ እሳቸው እየተናገሩ ሌላ ሰው ቢጽፈውም ያስኬዳል። ጽሑፉ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ይጻፋል፤ እሳቸውና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው ምስክር አይሁን። እናትዎም ካሉ የየራሳቸውን ይጻፉ፤ ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት የሚያደርገው ኑዛዜ ዋጋ የለውም። ስለ መሬት የሚናገር ነገር ካለ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ስለሚታይ ለብቻው ይማከሩበት።

ደብተሮቹ ያሉት የት ነው? ይህንንም አልጻፉልኝም። ተንቀሳቃሽ ዕቃ በመሆናቸው አባትዎ ዛሬውኑ ከእጅ ወደ እጅ በስጦታ ሊያስረክቡዎት ይችላሉ። በምስክር ፊት በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። «መጽሐፎቼን ሁሉ» አይበሉ፤ ደብተር 1፣ ስንት ቅጠል፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመሩ፣ ካሴት 1፣ የተናጋሪው ስም እየተባለ ይዘርዘር። ከፎቶግራፎቹ ጀርባ ስም በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።

አሁን ወደ «የአንድ እናት ልጆች አራት ነን» ልመለስ። የአባትዎስ ልጆች ስንት ናቸው? በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ የወሎ ሰው ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋና መተከል ሰፍሯል፤ ከየቤቱ የጎደለ ልጅ አለ። ከሌላ እናት የተወለደም ቢሆን ልጅ ወራሽ ነው። አባትዎ በራሳቸው እጅ በደብተር 3 «ልጄ» ብለው ጽፈውት ከሆነ ያ ቅጠል በወራሽነት ክርክር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ገጽ መቅደድ ያስቡ እንደሆነ አይሞክሩት። ወንድሞችዎንም ይሰብስቡ፣ የሁሉንም ደብተር ቅጂ ይስጧቸው። ንጥቂያ ያሉት ነገር ምናልባት የሚጠፋው ቅጂ እጃቸው ሲገባ ነው።

ብራናውን አይላኩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ግን መመዝገብ አለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። አደራ ቢሉት ጉምሩክ አይሰማዎትም። መጀመሪያ ግን የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ያስነብቡ። «ዛቲ መጽሐፍ ዘ…» (በግዕዝ «ይህ መጽሐፍ የ…» ማለት ነው) ብሎ የአንድ ገዳም ወይም ደብር ስም ከተከተለ፣ የሰረቀውን የሚያወግዝ ግዝትም ካለበት፣ አባትዎ የራሳቸው ያልሆነውን ሊያወርሱ አይችሉም። ይህን ካዩ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከመሄድዎ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።

ማሳተም ካሰቡ፦ ሰው በምስጢር የጻፈው ደብዳቤ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ አይገለጥም፤ ፎቶግራፍም የሚታይበትን ሰው ፈቃድ ይሻል። የአንድን ቤተሰብ ዘር «ቡዳ» ወይም «ባሪያ» የሚል መስመር ካለ ለቤተሰብ ቅጂ ይቆይ እንጂ አይታተም፤ የስም ማጥፋት ክስ ያመጣል።

አንድ ነገር ለሌሎች አንባቢዎች፦ ተናዛዡ ሙስሊም ሆኖ ባለጉዳዮቹ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ከተስማሙ፣ ከንብረቱ አንድ ሦስተኛ በላይ የሆነ ኑዛዜ ያለ ወራሾች ፈቃድ አይጸናም።

በዚህ ሳምንት ደሴ ካለ ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ የአሮጌውን ወረቀት ዋና ቅጂ፣ የአባትዎን መታወቂያ፣ የልጆቻቸውን ሁሉ ስም ዝርዝርና የብራናውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎች ፎቶ ይያዙ። ለእኔ ኮፒውን እንጂ ዋናውን በፖስታ አይላኩልኝ።