ከአሜሪካ የመጣው ብልቃጥ ድርቀቴን ይፈታልኛል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የአይረን ክኒን ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዴ ደርቆ ለሰገራ የምቀመጠው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው። እህቴ ከአሜሪካ ፕሮባዮቲክ፣ ለአንጀት ይጠቅማል የሚባል ሕያው ባክቴሪያ ያለበት እንክብል፣ በሰው ላከችልኝ። ብልቃጡ ላይ «10 ቢሊዮን» ይላል። ዐቢይ ጾም ስለሆነ እርጎ አልጠጣም። ልዋጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው አይረኑን ነው። ሆድ ያደርቃል። ፋርማሲ ውስጥ በቆምኩባቸው 19 ዓመታት ይህን ስሞታ ያልሰማሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ግን በራስሽ እንዳታቆሚው። ሐኪምሽን «አንድ ቀን እየዘለልኩ ብውጠውስ?» ብለሽ ጠይቂ። ለብዙ ሰው እንዲህ ይታዘዛል።

10 ቢሊዮን የተባለው በአንድ እንክብል ውስጥ ያለው ሕያው ባክቴሪያ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ዓይነቱን እዪ፤ አንዱ የሚሠራውን ሌላው አይሠራም። ለድርቀት ከተሞከሩት አንዱ ቢፊዶባክቴሪየም ላክቲስ ነው። አንዳንዱን ሰው ትንሽ ያግዛል፣ ሌላውን ምንም አይለውጥ። ጤነኛ ሰው ላይ ቢበዛ ሆድ ይነፋል። ከሞከርሽው አራት ሳምንት ስጪው፤ ለውጥ ከሌለ ተዪው። ጿሚ ስለሆንሽ ግን ጽሑፉን አንብቢ፤ የብዙ እንክብሎች ሽፋን ከእንስሳ የሚሠራ ጀላቲን ነው፣ ወተት ያለበትም አለ።

«እንጀራችንስ የቦካ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፤ ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ምጣዱ ላይ ያልቃሉ።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን በተልባ እጀምራለሁ። ሁለት ማንኪያ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጪ። እስኪዝለገለግ ትንሽ ቆይተሽ ጠጪው፣ ላዩ ላይ ሌላ ውሃ ጨምሪበት። ውሃ ካነሰው ድርቀቱን ያብሳል። ከክኒኑም ሁለት ሰዓት አርቂው።

ደግሞ ከምግብ በኋላ አንጀት ራሱ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ሽንት ቤት ግቢ፣ አትቸኩይ። መቀመጫ ያለው ከሆነ እግርሽን በርጩማ ላይ አድርጊ፤ መውጫው ይቃናል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደምሽ ለምን እንዳነሰ ተነግሮሻል? ካልተነገረሽ ምክንያቱ እንዲጣራልሽ ጠይቂ። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ወይም ከጾሙ በፊት ጀምሮ እየከሳሽ ከሆነ፣ ቀጠሮሽ እስኪደርስ አትጠብቂ።