ስለ ፖኬሞን አስቸጋሪ ፍልሚያዎች፦ ጥያቄና መልስ

እዚህ የምመልሰው በዋናዎቹ የፖኬሞን ጨዋታዎች ውስጥ ስላሉት ከባድ ፍልሚያዎች ብቻ ነው። ስትጠይቁ የጨዋታውን እትም፣ ያሏችሁን ፖኬሞኖችና ደረጃቸውን ጻፉ። አንድ አሰልጣኝ ከእትም ወደ እትም ቡድኑም ስልቱም ሊለወጥ ስለሚችል፣ እትሙ ያልተጻፈበትን ጥያቄ በግምት አልመልስም። «ደረጃ ልጨምር ወይ?» የሚል ጥያቄም ባይመጣ እመርጣለሁ።

ሄለን፦ ጋሼ፣ ሲልቨር የተባለውን እትም እንደገና ጀምሬ የጎልደንሮድ ጂም መሪ በሆነችው በዊትኒ ሚልታንክ ላይ ቆሜያለሁ። ያሉኝ ኲላቫ፣ ፒጆቶና ጂኦዱድ ሲሆኑ ደረጃቸው ከ17 እስከ 19 ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንዲህ ተሟልቶ ሲጠየቅ መመለስም ደስ ይላል። ሚልታንክ በዚያ እትም ደረጃዋ 20 ብቻ ነው፤ የምታስፈራው ጥቃቶቿ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ነው። ሮልአውት የተባለው የድንጋይ ዓይነት ጥቃቷ በ30 ኃይል ይጀምርና ካልሳተ በየተራው እጥፍ እየሆነ በአምስተኛው ምት 480 ይደርሳል። አትራክት ተቃራኒ ጾታ ያለውን ፖኬሞን ስለሚያፈዝዘው፣ የተመታው ፖኬሞን ግማሽ ያህሉን ተራ ሳይንቀሳቀስ ያሳልፋል። ሚልታንክ ሁልጊዜ ሴት ናት፤ የመነሻ ፖኬሞኖች ደግሞ ከስምንት ሰባቱ ወንድ ስለሚሆኑ ኲላቫሽ የዚህ ሰለባ ሳይሆን አይቀርም። ደከመች ስትዪ ደግሞ በሚልክ ድሪንክ ግማሽ ጉልበቷን ትመልሳለች።

መፍትሔው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ከጎልደንሮድ በስተደቡብ ባለው 34ኛው መንገድ ድራውዚ ያዢና በከተማው ትልቅ መደብር ውስጥ ላለው ሰው ስጪው፤ በምትኩ ማቾፕ ይሰጥሻል። ይህች ማቾፕ ሴት ስለሆነች አትራክት አይዛትም፤ ሮልአውትም እንደ እሷ ባለ ተጋዳይ ዓይነት ላይ ግማሽ ጉዳት ብቻ ያደርሳል፤ የእሷ ካራቴ ቾፕ ግን ሚልታንክ ላይ እጥፍ ይመታል። ጂኦዱድሽም ሮልአውትንና ስቶምፕ የተባለውን የኖርማል ዓይነት ጥቃቷን ስለሚቋቋም አትናቂው፤ ሴት ከሆነ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጋሻ አታገኚም። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ሚልታንክ ሮልአውትን አንዴ ከጀመረች እስክትስት ወይም አምስቱ ተራ እስኪያልቅ ማቋረጥ ስለማትችል፣ በዚያ መካከል ወተቷን መጠጣት አትችልም። ጠንከር ያለውን ጥቃትሽን ለዚያ ጊዜ አቆዪው።

ዮናስ፦ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ? የጎስት ዓይነት የሆነው ጋስትሊ ካለ ስቶምፕ አይነካውም።

ቤቲ፦ ውሸት ነው። የእኔ ጋስትሊ በስቶምፕ ነው የወደቀው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዮናስ፦ የኖርማል ጥቃት ጎስትን እንደማይነካ ያላወቀ ሰው ነው ውሸት የሚለው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። በ1999 በወጡት ጎልድና ሲልቨር ፖኬሞኖች ልዩ ችሎታ ስላልነበራቸው ዮናስ ትክክል ነው። በ2009 በወጡት ሃርትጎልድና ሶልሲልቨር ግን የዊትኒ ሚልታንክ ስክራፒ የተባለውን ችሎታ ስለያዘች የኖርማል ጥቃቷ ጎስቱንም ያገኘዋል። እትም ጻፉ የምለው እንዲህ ካለው ጭቅጭቅ ለመዳን ነው።

አቤል፦ ቦሱን ማለፍ አቃተኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛውን ቦስ? በየትኛው ጨዋታ?

ሳሚ፦ ከሁሉም ፖኬሞን ኃይለኛው ማነው?

መልስ፦ ይህ የፍልሚያ ጥያቄ አይደለም።

ማህሌት፦ በአልትራ ሙን፣ በሜጋሎ ታወር የሚጠብቀውን አልትራ ኔክሮዝማ ማሸነፍ አልቻልኩም። ቡድኔ ዲሲድዋይ፣ ቶክሳፔክስ፣ ዞሮዋርክ፣ ሉካሪዮ፣ ጊያራዶስና ማግኔዞን ነው፤ ሁሉም ከ55 እስከ 57 ናቸው። በዚህ ደረጃ ማለፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ቁልፉም ቡድንሽ ውስጥ አለ። ይህ ፍልሚያ በእኔ አስተያየት ከተከታታዩ ሁሉ ከባዱ ነው። ምክንያቱም ደረጃው 60 መሆኑ አይደለም፤ ገና ሲጀመር በዙሪያው ያለው ብርሃን ሁሉንም አቅሞቹን በአንድ እርከን ከፍ ያደርጋቸዋልና፣ 129 የሆነው መነሻ ፍጥነቱ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ከአንቺ ፖኬሞኖች ሁሉ ቀድሞ ይመታል። የመነሻ አቅሞቹ ድምር 754 ነው። ኒውሮፎርስ የተባለው ችሎታው ደግሞ የተጋጣሚውን ድክመት የሚያገኘውን ጥቃት ሁሉ በአንድ አራተኛ ያበረታዋል። ከፎቶን ጋይዘርና ከድራጎን ፐልስ በተጨማሪ ፓወር ጀምና ስማርት ስትራይክ ስላሉት፣ በበረዶ ወይም በፌሪ ልቋቋመው የሚለውን ተጫዋች በአንድ ምት ይጥለዋል። ሊያዝም ሊታለፍም አይችልም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ኃይል የሚታዘዘው ለሚያየው ነገር ነው። ዞሮዋርክ ኢሉዥን በተባለው ችሎታው በቡድኑ መጨረሻ ላይ ያለውን ፖኬሞን መልክ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ቶክሳፔክስን መጨረሻ፣ ዞሮዋርክን መጀመሪያ አድርጊ። ኔክሮዝማ የመርዝ ዓይነት ያየ ይመስለውና የሳይኪክ ጥቃት የሆነውን ፎቶን ጋይዘርን ይመርጣል፤ ዞሮዋርክ ግን የዳርክ ዓይነት ስለሆነ ጥቃቱ ጨርሶ አይነካውም። መልኩ የሚገለጠው በሚጎዳ ጥቃት ሲመታ ብቻ በመሆኑ ኔክሮዝማ ስሕተቱን ይደጋግማል፤ አንቺም በዳርክ ጥቃት እጥፍ እየመታሽው ትቀጥያለሽ።

ዞሮዋርክ የሌለው ሰው ቶክሲክን ይጠቀም። መርዙ በመጀመሪያው ተራ ከሙሉ ጉልበቱ አንድ አሥራ ስድስተኛውን፣ ቀጥሎ ሁለቱን፣ ከዚያ ሦስቱን እያለ ስለሚወስድ፣ በስድስተኛው ተራ ምንም ሳትመቱት ይወድቃል። እነዚያን ስድስት ተራዎች ጥቃት በሚከለክለው በፕሮቴክትና የወደቀን በሚያነሣው በሪቫይቭ እየተፈራረቃችሁ መሙላት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ኪሩቤል፦ ከባዱ እሱ ከሆነ የዳይመንድና የፐርል ሻምፒዮኗን ሲንቲያን ምን ልንላት ነው?

ዮናስ፦ ሲንቲያም ኔክሮዝማም በጎልድና ሲልቨር መጨረሻ ላይ ከሚገኘው አሰልጣኝ ከሬድ አይበልጡም። በሲልቨር ተራራ ላይ ፒካቹው ደረጃ 88 ነው!

ኪሩቤል፦ ፒካቹን በአንድ ኧርዝኩዌክ የማይጥል ማነው?

መልስ፦ ዮናስ የጠቀሰው ቁጥር የሃርትጎልድና የሶልሲልቨር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጎልድና ሲልቨር 81 ነበር። ሬድ ግን እስክትዘጋጁ ድረስ ተራራው ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ነው፤ ሳትገጥሙትም ታሪኩ ያልቃል። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሲንቲያ ግን ለየት ትላለች። በ2006ቱ ዳይመንድና ፐርል የምታወጣው ስፒሪቶምብ፣ የፌሪ ዓይነት በ2013 እስኪመጣ ድረስ ምንም የዓይነት ድክመት አልነበረበትም። የ2021ዱ ብሪሊያንት ዳይመንድና ሻይኒንግ ፐርል ደግሞ አደገኛነቷን ያበዙታል፦ ሚሎቲክ ፍሌም ኦርብ ይዞ ራሱን ያቃጥልና ማርቨል ስኬል በተባለው ችሎታው መከላከያውን በግማሽ ያሳድጋል። ቀድሞ ስለተቃጠለም ላስተኛው ወይም ሽባ ላድርገው ማለት ከንቱ ነው። ደረጃ 66 የሆነው ጋርቾምፕ የሚያስፈራውን በረዶ አንድ ጊዜ የሚያበርድለት ያቼ ቤሪ ይዟል፤ በፌሪ ለሚመጣበትም ፖይዝን ጃብ አለው። እሱ ላይ ነጻ ተራ አትስጡት፤ በሶርድስ ዳንስ የማጥቃት አቅሙን እጥፍ ካደረገ በኋላ የሚያቆመው የለም። ማሞስዋይን በአይስ ሻርድ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ቢመታው ይሻላል።

ሳሚ፦ ሲልቨር ላይ የዊትኒን ሚልታንክ እንዴት ልለፍ?

መልስ፦ ከላይ ለሄለን የተጻፈውን አንብብ።

ትዕግሥት፦ የክፉዎቹ መሪ ጌቲስ በብላክ እትም ያመጣው ሃይድራይገን ደረጃው 54 ነው። ዝዋይለስ ግን ወደ ሃይድራይገን የሚለወጠው በ64 አይደል?

መልስ፦ ልክ ነሽ፤ ተጫዋች ሊያገኘው በማይችለው ደረጃ ነው የተሰጠው። የጎልድና ሲልቨር ሻምፒዮን ላንስም በ1999 ያቀረባቸው ሦስት ድራጎናይቶች 47፣ 47 እና 50 ሲሆኑ ድራጎኔር ወደ ድራጎናይት የሚለወጠው በ55 ነው።

ቤቲ፦ ለሃይድራይገን ፌሪ አራት እጥፍ ስለሆነ አያስቸግርም።

መልስ፦ ብላክ የወጣው በ2010 ነው፤ ፌሪ በዚያ ጨዋታ ውስጥ የለም። እትም፣ እትም፣ እትም! ተጋዳይ ዓይነት ተጠቀሙ።

የላንስ ስም ከተነሣ ግን ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በመጀመሪያው ትውልድ ጨዋታዎች ጠንካራ የሚባሉት አሰልጣኞች ጥቃት ሲመርጡ ዓይነቱ የተጋጣሚውን ድክመት ያገኝ እንደሆነ ያያሉ እንጂ ጥቃቱ ጉዳት ያደርስ እንደሆነ አያዩም። ደረጃ 62 የሆነው የላንስ ድራጎናይት አጂሊቲና ባሪየር የተባሉ፣ ዓይነታቸው ሳይኪክ የሆነ ነገር ግን ማንንም የማይጎዱ ሁለት ጥቃቶች አሉት። ፊቱ የመርዝ ፖኬሞን ካቆማችሁ ሳይኪክ መርዝን ያሸንፋል ብሎ እነዚያን ሁለቱን ብቻ ይደጋግማል። የጠላት አሰልጣኝ የጥቃት ብዛት በዚያ ትውልድ ስለማይቆጠርም አያልቅበትም። በዚህ መሐል ደካማ ቬኖናት እንኳ መርዞት ቆሞ ሲሞት ሊያየው ይችላል። «ደረጃ ልጨምር ወይ?» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው ነው።

ሳሚ፦ ጨዋታዎቹን በነጻ የት ላውርድ?

መልስ፦ አልመልስም።

አቤል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ቦሱ በለምለሙ ጫካ ያለው ቶተም ሉራንቲስ ነው። የእሳት ፖኬሞን አለኝ፤ ግን ሶላር ብሌድን ያለ ዝግጅት እየመታ ይጥለኛል።

መልስ፦ ሶላር ብሌድ አንድ ተራ መዘጋጀት የሚፈልግ ጥቃት ነው። የመጀመሪያውን በያዘው ፓወር ኸርብ ያለ ዝግጅት ይመታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራው ካስትፎርም ፀሐይ ስለሚያወጣለት ዝግጅት አያስፈልገውም፤ ሲንተሲስም በፀሐይ ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይመልስለታል። ያው ፀሐይ ግን የእሳት ጥቃትህንም በአንድ ተኩል ያበረታዋል፤ ስለዚህ ካስትፎርምን ለማባረር አትድከም፣ ምትህን ሁሉ በሉራንቲስ ላይ አሳርፍ። ይህ የሚሠራው ሰን ወይም ሙን ከሆነ ነው፤ በአልትራ ሰንና በአልትራ ሙን የሚጠራቸው ረዳቶች ሌሎች ናቸው። አንተ አሁንም እትሙን አልጻፍክም።