ስለ ናዳው፣ ስለ መንቀጥቀጡ ለተማሪ እንንገር ወይስ እንለፈው? (ጥያቄና መልስ)

በምሥራቅ ጎጃም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከጎፋው ናዳ፣ ከአዋሽና ከፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎም ኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ከፈነዳው የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ወዲህ «እንዲህ ያለውን ክፍል ውስጥ እናንሣ ወይስ እንተወው?» የሚሉኝ መምህራንና ወላጆች በርክተዋል። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የጠየቃችሁትን ተራ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (መምህርት፣ ሞጣ)፦ 3ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ልጆቹ ገና ናቸው፤ ባልነግራቸው አይሻልም?

እህቴ፣ እኛ ባንነግራቸውም ሰምተዋል። ከእኛ በፊት ስልኩም ገበያ ውሎ የመጣውም ሰው ነግሯቸዋል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ 6.0 የሆነው መንቀጥቀጥ በደረሰ ሰሞን አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ወንድሜ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው፤ ወድቆ ይሆን?» አለችኝ። ጭንቀቱን ለብቻዋ ይዛው ኖራለች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስምጥ ሸለቆውን ሣልኩና ፈንታሌን፣ አዋሽን፣ አዲስ አበባንና ደብረ ማርቆስን በነጥብ አስቀመጥኩ። አዲስ አበባ ንዝረቱ መሰማቱን፣ ከቀያቸው የተነሡት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን አፋርና ኦሮሚያ ውስጥ፣ መንቀጥቀጡ ከሚነሣበት አጠገብ የሚኖሩ መሆናቸውን አስረዳኋቸው። ፊቷ ፈታ ሲል አየሁ።

ለ3ኛ ክፍል ይህን ያህል ዝርዝር አያስፈልግም። «ምን ሰማችሁ?» ብለሽ ጀምሪ፤ የተሳሳተውን አርሚ፤ የጠየቁትን ብቻ መልሺላቸው።

ጥያቄ (መምህር፣ ቡሬ)፦ ዕለታዊ ዕቅዴ ውስጥ የለም። ሱፐርቫይዘር ቢመጣስ?

ስምጥ ሸለቆ፣ የአፈር መሸርሸር፣ የአየር ንብረት ሁሉም በመጽሐፋችን ውስጥ አሉ። አደጋውን የዕለቱ ትምህርት ምሳሌ አድርገው። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ቢቡኝ)፦ አፋር የት፣ እኛ የት? ልጄ ይህን ቢያውቅ ምን ይፈይድለታል?

ጋሼ፣ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በተነሣ ጊዜ ቲሊ ስሚዝ የምትባል የ10 ዓመት እንግሊዛዊት ከቤተሰቧ ጋር ታይላንድ ባሕር ዳር ነበረች። ውሃው አረፋ እየደፈቀ ወጣ ገባ ሲል፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የጂኦግራፊ መምህሯ ያስተማራት የሱናሚ ምልክት መሆኑን አወቀች። ጮኻ ወላጆቿን አስነሣች፤ እዚያ የነበረው ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ከዳርቻው ሸሽቶ ተረፈ። መምህሯ ያን ቀን ሲያስተምር፣ ሱናሚ ለዚያ ክፍል ልጆች ከአፋርም የራቀ ነገር ነበር።

የእርስዎን ልጅ ሱናሚ አያገኘውም። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚሻገረው ወንዝ፣ እሱ ዘንድ ጠብ ሳይል፣ ጮቄ ላይ በጣለው ዝናብ ሞልቶ ሊመጣበት ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ከላይ ከደጋው የዘነበው ወርዶ ነው። ይህን የተማረ ልጅ የወንዙ ውሃ ድንገት ሲደፈርስ ካየ፣ ወይም ከላይ የሚያስገመግም ድምፅ ከሰማ፣ ከወንዙ ርቆ ይጠብቃል።

ጥያቄ (መምህር፣ ደጀን)፦ የጎፋውን ለመናገር አንደበቴ ተያዘ። እንዴት ይነገራል?

እኔንም ይከብደኛል። ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማስተምረው እሱን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በገዜ ጎፋ ወረዳ መጀመሪያ የወረደው ናዳ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ደርሶ፣ መሣሪያ ያጣውም በእጁ ጭቃውን እየዛቀ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

እኛስ ጋ ኡኡታ ቢሰማ ማን ቤቱ ይቀራል? ተማሪዎችህን «አትሂዱ» ብትላቸው አይሰሙህም፤ ደግሞም ለወገን መድረስ ክቡር ነገር ነው። ልጆች ከተዳፋቱ ሥር እንዳይገቡ፣ ትልልቆቹ ሲቆፍሩም አንድ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ላይኛውን ገደል ብቻ እንዲጠብቅ፣ ሲጮህም ሁሉም አካፋውን ጥሎ ወደ ጎን እንዲሮጥ ንገራቸው። ምልክቶቹንም አሳያቸው፦ ከቤት በላይ መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ሲያወጣ፣ ዛፍና አጥር ሲያዘነብል፣ ጥሩ የነበረ ምንጭ ሲደፈርስ፣ ባልነበረበት ውሃ ሲፈልቅ። አንተ ደግሞ ምሳሌ አታጣም፤ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ መንገድ የመሬት መንሸራተት እየሰነጠቀው ተማሪዎችህ አይተዋል።

ጥያቄ (መምህር፣ ፍኖተ ሰላም)፦ ተማሪው «የእግዜር ቁጣ ነው» ቢለኝስ?

ከቤቱና ከእምነቱ አታጣላው። «ጸሎቱ አለ፤ እዚህ ደግሞ አፈሩ ዝናብ ጠግቦ እንዴት እንደተናደ እንማራለን» እላለሁ። «በኃጢአታቸው ነው የሞቱት» ሲባል ግን ዝም አልልም። ጎረቤታቸውን ሊያወጡ ሲቆፍሩ የሞቱ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ (እናት፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ልጆቻችን በሰላም እጦት ተሳቀዋል፤ ከትምህርትም ርቀው ከርመዋል። ሌላ ሥጋት ልንጨምርባቸው?

እናቴ፣ ስጋትዎ እውነት ነው። ስለዚህ ከክፍል በፊት መምህሩ ልጆቹን ይወቃቸው። ቤተሰብ የሞተበት ወይም የተፈናቀለ ልጅ ካለ አስቀድሞ ለብቻው ያናግረው፤ መውጣት ከፈለገም ይውጣ። አስከሬንና ዋይታ ያለበት ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይከፈት። ልጅን የሚያስጨንቀው ይበልጡን ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው፤ የሚያደርገውን ካገኘ ቀለል ይለዋል።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ዳንግላ)፦ «ዛሬ ማታ 4 ሰዓት መንቀጥቀጥ ይመጣል» የሚል በቴሌግራም ደረሰን። እውነት ነው?

አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቀድሞ መናገር የቻለ ሳይንቲስት እስካሁን የለም። ለሌላ ሰው አትላከው።

ጥያቄ (መምህርት፣ ቢቸና)፦ ለነገ ጠዋት ክፍል የምይዘው አንድ ነገር ስጠኝ።

መብረቅ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዝናብ ሲመጣ የሚሮጠው ወደ ዛፍ ሥር ነው፤ መብረቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያገኘው ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍን ነው። ብልጭታውን ካዩበት ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከጉብታው ይውረዱ፤ ከዛፉ፣ ከሽቦ አጥርና ከውሃ ይራቁ፤ ተራርቀው፣ እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ። ክፍል ውስጥ አስነሥተሽ በተግባር አለማምጃቸው።