መልስ፦ ጅቡቲ ላይ በዚያ ሙቀት ሞተር እንዴት ይነዳ ነበር?

ልጄ፣ አባትህ በወጣትነታቸው ጅቡቲ ላይ ሞተር ይዘው የተነሱትን ፎቶ አይተህ፣ በዚያ ሙቀት እንዴት ይነዱ እንደነበር ጠይቀሃል። ጥያቄህ ልቤን ነካው። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ የከዚራ። በ1966 ዓ.ም. በባቡር ወርጄ ወደብ ላይ ሠርቻለሁ። ያኔ ጅቡቲ ገና በፈረንሳይ እጅ ነበረች።

ሞተሬ ያገለገለች ሞቢሌት ነበረች፤ እንደ ብስክሌት ፔዳሏን እየመታህ የምታስነሳት። ቤንዚኑ ላይ ዘይት መቀላቀል ግድ ነው። ካነሰ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል፤ ከበዛ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል።

የምንነዳው ጎህ ሲቀድ ወይም ከመግሪብ በኋላ ነው። ካምሲን የሚሉት ንፋስ ሲነሳ አሸዋው ዓይን አያስገልጥም። ሽርጤን አርጥቤ ፊቴ ላይ እጠመጥማለሁ፤ ወዲያው ክው ብሎ ይደርቃል። የባሰው ግን ጨው ነው። የባሕሩ አየር ሰንሰለት ይበላል። ማታ ጠርጌ ዘይት ካልቀባሁት፣ ጠዋት ቀይ ዝገት ለብሶ ይጠብቀኛል።

ሥራው ከባድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ተዘግቶ የነበረው የስዊዝ ቦይ ከ8 ዓመት በኋላ ሲከፈት ግን፣ ወደባችን መርከብ ይበዛለታል ብለን ሁላችንም ተስፋ አደረግን።

የዕረፍት ቀን ወደ አርታ እንወጣለን። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተራራ ላይ። ሞተሬ ዳገቱ ላይ ስትደክም ፔዳሉን እየመታሁ አግዛታለሁ። ላይ ስደርስ ያ ቀዝቃዛ ንፋስ ሸሚዜ ውስጥ ሲገባ፣ አመሻሽ ላይ ድሬ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

አባትህ ካሉ፣ አርታን ወጥተው እንደሆነ ጠይቅልኝ።