የተረፈውን ላጥፋው ወይ?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። «አያቴን 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቀድቻታለሁ። የምፈልገው ግን 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ኦዳሲቲ ላይ እሱን አስቀርቼ ሌላውን እንዴት ላጥፋ?» ይላል። ኦዳሲቲ በኮምፒውተር ድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም ነው።

መልሱ አጭር ነው። የምትፈልገውን ክፍል በማውስ ትመርጣለህ፣ ኮንትሮልና ቲን ትጫናለህ፤ ከመረጥከው ውጭ ያለው በሙሉ ይሄዳል። ይህንኑ ጽፌ ልልክለት ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ለሬዲዮ ፕሮግራም ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አገኘሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር የነዱ ሰው። 1 ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። አማርኛው መሃል ፈረንሳይኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው ይገባል፤ ድሬ እንዲህ ናት። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ብቅ ሲሉ «አንተ ሰውዬ፣ ልጁን አደከምከው!» ይሏቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። አንዴ ደግሞ ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ የሚያልፏቸውን ጣቢያዎች ጠሩልኝ። «ሽንሌ... አዲጋላ... አይሻ... ደወሌ...» በየመሃሉ የባቡሩን ጡሩምባ በአፋቸው ያሰማሉ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሥራ ጀመርኩ። ያኔ መቁረጫው ምላጭ ነው። ቴፑ የተጠቀለለበትን ሪል በእጅህ ወዲያ ወዲህ እያዞርክ ቃሉ የሚጀምርበትን ታደምጣለህ። በእርሳስ ምልክት ታደርጋለህ፣ ሰያፍ አድርገህ ትቆርጣለህ፣ በማጣበቂያ ትቀጥላለህ። ማሽናችን በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር ነበር የሚሮጠው። አንዲት አጭር ትንፋሽ የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ነበረች። ቁርጥራጩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስታየኝ የፅዳት ሠራተኛዋ «ዛሬ ደግሞ ስፌት ጀመርክ?» ትለኛለች። ቡናዋ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

6 ደቂቃ አወጣሁ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። ጣቢያዎቹን ጊዜ ይበላሉ ብዬ ቆረጥኳቸው። ሳቁንም፣ ባለቤታቸውንም። ቴፕ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የተረፈውን ቀጣጥዬ ደመሰስኩት። ሌላ ፕሮግራም ተቀዳበት።

ከ12 ዓመት በኋላ ልጃቸው አፈላልጋ መጣች። አባቷ አርፈዋል። 6 ደቂቃውን አሰማኋት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ «አባባ ጣቢያዎቹን አልጠሩም እንዴ? እኛን እኮ በነሱ ነበር የሚያስተኙን» አለችኝ።

«ቴፑ አልቆብን ነበር» አልኳት። ዋሸኋት።

እና ልጄ፣ ያቺን ቲ ከመጫንህ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ኮንትሮል ዜድ አለልኝ አትበል፤ ፕሮጀክቱን ከዘጋኸው ወደኋላ መመለስ የለም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጭራሽ አለመቁረጥ ነው። የወደድከውን ክፍል ምረጥ፣ ኮንትሮልና ቢን ተጫን፣ ስም ስጠው። ይህ ሌብል ይባላል። ሌብል ያደረግክባቸውን ክፍሎች በኋላ ለየብቻ ፋይል አድርጎ ያወጣልሃል፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጣል። ስለ ማይክና ስለ ድምፅ ጥራት አልነግርህም፣ ዩቲዩብ ሞልቶታል።

የዛሬ ልጆች ግን ታስቁኛላችሁ። አንዱ ያገኘውን ሁሉ ይቀዳል፣ አንዱንም አይሰማውም፤ ስልኩ ሲሞላ ጠራርጎ ያጠፋዋል። ሌላው ትንፋሽ የተባለን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። እንዲህ ያለውን ፖድካስት ስሰማ ትንፋሽ የሚያጥረኝ እኔ ነኝ። ሰው አየር ይስባል እኮ! ከቃሉ በፊት የምትመጣዋን ትንፋሽ ተዋት።

ይህን ስል መቁረጥ አትፍራ። ያልተቆረጠ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማልሃል? እኔም አልሰማ።

ይቅርታ፣ አሁንም ዋሸሁ። ያያትህን እሰማለሁ። 8 ደቂቃው ይቆይና መጀመሪያ ሌላውን ላክልኝ።