ስለ ሲፕ (የኢንተርኔት ስልክ ጥሪዎችን የሚያገናኘው የመልእክት ሥርዓት) የምላሽ ኮዶች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ስልኬ በሰርቨሩ ላይ በተመዘገበ ቁጥር በሎጉ (በመልእክቶቹ መዝገብ) ውስጥ መጀመሪያ 401፣ ቀጥሎ 200 አያለሁ። የይለፍ ቃሌ ስህተት አለበት ማለት ነው?

መልስ፦ የለበትም። ስልክዎ በመጀመሪያው የሬጂስተር (የመመዝገቢያ) ጥያቄ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ነገር አይልክም፤ ሰርቨሩ 401 ሲመልስ አንድ ጊዜያዊ የፊደልና የቁጥር ቅንብር አብሮ ይሰጠዋል፤ ስልኩም ያንን ከይለፍ ቃሉ ጋር አስልቶ ያገኘውን ውጤት ይዞ እንደገና ይጠይቃል። የሚያሳስበው 401 ያለማቋረጥ ሲደጋገም ነው። 407ም ሥራው ይኸው ነው፤ ማንነትን የሚጠይቀው ግን በመካከል ሆኖ መልእክት የሚያስተላልፈው ሰርቨር፣ ፕሮክሲው፣ ነው። 403 ከመጣ ሰርቨሩ ጥያቄውን ተረድቶ ከልክሏል ማለት ስለሆነ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ መላክ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኮዶቹን ሁሉ በቃል መያዝ ይኖርብኛል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን አኃዝ ይወቁ፤ ይበቃዎታል። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው የሲፕ ደንብ ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 3261፣ መሠረት በ1 የሚጀምሩት ጥሪው በሂደት ላይ መሆኑን፣ በ2 የሚጀምሩት መሳካቱን፣ በ3 የሚጀምሩት ወደ ሌላ አድራሻ መመራቱን ይናገራሉ። 4 ጥያቄው በዚያ ሰርቨር እንዳለ ሊፈጸም አለመቻሉን፣ 5 የሰርቨሩን ጉድለት፣ 6 ደግሞ የትም ቢሞከር እንደማይሳካ ያመለክታል።

ጥያቄ፦ 486 እና 603 ሁለቱም «አይገኝም» የሚሉ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ የሚታየው አንድ ጥሪ በአንድ ጊዜ ሦስት ስልኮችን ሲያስጠራ ነው። አንዱ 486 ቢመልስ እሱ ብቻ ተይዟል ማለት ነውና ሁለቱ መጥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ 603 ቢመልስ ግን ፕሮክሲው የቀሩትንም ያቋርጣል። አንዳንድ ስልኮች ጥሪ ውድቅ ሲደረግ የትኛውን እንደሚልኩ በቅንብራቸው ስለሚወስን በቡድን ለሚሠሩ ሰዎች ይህን አስቀድሞ መፈተሽ እጅግ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የሚገባልን ጥሪ ይነሳል፣ እንነጋገራለን፣ ከዚያ በ32ኛው ሰከንድ ይቋረጣል። በሎጉ ላይ ግን ከ200 በስተቀር የስህተት ኮድ የለም።

መልስ፦ ፍንጩ ያለው እዚያው 200 ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተላከ ይቁጠሩ። ጥሪውን ያነሳው ወገን 200 ከላከ በኋላ ከደዋዩ አክ የሚባለውን ማረጋገጫ ይጠብቃል፤ ካልደረሰው ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ያንኑ ይደግማል፤ ቀጥሎ ከ1፣ ከ2፣ ከዚያም በየ4 ሰከንዱ እየደገመ ይቆይና የግማሽ ሰከንድ 64 እጥፍ የሆነው 32 ሰከንድ ሲሞላ ባይ የሚባለውን የመዝጊያ መልእክት ልኮ ጥሪውን ይዘጋል። ስለዚህ በሎግዎ ላይ የተደረደሩ 200ዎች ካሉና አንድም አክ ከሌለ የጠፋው አክ ነው። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ያነሳው ስልክ በመልእክቱ የኮንታክት መስመር (ቀጣዩ መልእክት የሚላክበትን አድራሻ በሚይዘው) ላይ እንደ 192.168.1.20 ያለ የውስጥ አድራሻ መጻፉ ነው፤ ደዋዩ አክውን ወደዚያ ይልካል፤ አድራሻው ግን ከውጭ አይደረስበትም። በስልኩ ወይም በሰርቨሩ ላይ የውጭውን አድራሻ ያስገቡ፤ ራውተሩ የሲፕ መልእክቶችን የሚያሻሽል ተግባር ካለውም ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ስልኩ ሳይነሳ ስዘጋው 487 ይመጣል። እንደ ብልሽት ልመዝግበው?

መልስ፦ አይመዝግቡት። ለካንስል (ለመሰረዣ) መልእክትዎ የራሱ 200 ይመጣል፤ 487 ደግሞ የመጀመሪያው ኢንቫይት (ጥሪውን የጀመረው ጥያቄ) በእርስዎ ጥያቄ መቋረጡን ያሳውቃል። ያልተሳኩ ጥሪዎችን የሚቆጥር ሪፖርት ካለዎት ይህን ኮድ ለብቻው ያስቀምጡት።