ለኢንዶስኮፒ ሲባል የደም ማቅጠኛ ይቆማል?

«እናቴ የልብ ቫልቯ ጠቦ ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ለጨጓራዋ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) ታዘዘላት። ጎረቤቶች ‹መድኃኒቱን ካላቆመች ደም ይፈሳታል› እያሉ አስጨነቁን።» (ከአዘዞ)

እባካችሁ በራሳችሁ አታስቁሟቸው። ለማየት ብቻ በሚደረግ ምርመራ፣ ለናሙና ቅንጣት ሥጋ ቢወሰድ እንኳ፣ የመድማት አደጋው ትንሽ ስለሆነ ዋርፋሪን አይቋረጥም። ምርመራው ሳምንት ሲቀረው አይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) ይለኩ፤ ቁጥሩ ሐኪማቸው ከወሰነላቸው በላይ ከሆነ መጠኑን እሱ ያስተካክላል። የክትትል ካርዳቸውንም ይዛችሁ ሂዱ።

የጎረቤቶቻችሁ ስጋት ይገባኛል፤ የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። በሩማቲክ ሕመም ቫልቩ የጠበበ፣ የልብ ምቱም የተዛባ ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ልቡ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነሥቶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው። ከጨጓራ የሚደማውን ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በዚያው መሣሪያ ያስቆመዋል። በስትሮክ የተያዘ አንደበት ግን ላይመለስ ይችላል።

«አባቴ ከትልቁ አንጀቱ ፖሊፕ (ከአንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ) ሊቆረጥለት ነው። እሱም ዋርፋሪን ይወስዳል።» (ከደባርቅ)

ይህኛው ይለያል፤ ሥጋ ስለሚቆረጥ ይደማል። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ከ5 ቀን በፊት ያስቆምና አይ ኤን አር ከ1.5 በታች መውረዱን ያረጋግጣል። የብረት ቫልቭ ካላቸው ወይም ቫልቫቸው ጠቦ ምታቸው ከተዛባ፣ በመሀሉ ሄፓሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ መርፌ ሊታዘዝላቸው ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። ሁሉም ደህና ከሆነ ዋርፋሪኑ በዚያው ምሽት ይጀመራል። ደም ግን እስከ 2 ሳምንት ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ቀይ ደም ከታየበት ወይም ካዞራቸው፣ ጎንደር እስኪደርሱ ሳትጠብቁ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዷቸው።

«ለልቤ አስፕሪን እወስዳለሁ። ለኢንዶስኮፒ ላቁም?»

አያቁሙ። ልብዎ ላይ ስቴንት (የደም ሥር ክፍት የሚያደርግ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ተገጥሞልዎት ክሎፒዶግሬል የተባለውን ሌላ የደም መርጋት መከላከያም ከወሰዱ፣ የልብ ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አንዱንም አይንኩ።

«በጾም ጎመን ስለማበዛ አይ ኤን አሬ ይወርዳል። ጎመን ልተው?»

መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን አይለዋውጡ። ጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። በፍስክ እምብዛም ሳይበሉ ቆይተው በሁዳዴ በየቀኑ ከበሉ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፤ ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ይለኩ። በኢንዶስኮፒ የጨጓራ ባክቴሪያ ከተገኘብዎት ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ የሚታዘዙት ክላሪትሮማይሲንና ሜትሮኒዳዞል አይ ኤን አርን ከፍ ያደርጋሉ። ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ለሐኪሙም ለፋርማሲውም ይንገሩ፤ ከጀመሩም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለኩ።